የአካባቢ ሕግ እንጀራ አለው ወይ? ለአንዲት የአራተኛ ዓመት የሕግ ተማሪ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄው፦ «ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። በአንድ የክልል ዩኒቨርሲቲ የአራተኛ ዓመት የሕግ ተማሪ ነኝ። ባለፈው ሴሚስተር የአካባቢ ሕግ ተምሬ በጣም ወደድኩት። ጓደኞቼ ግን ‹እሱማ የፈረንጅ ሕግ ነው፣ እንጀራ የለውም፤ ታክስ ወይም ኮንስትራክሽን ያዢ› ይሉኛል። አባቴ ደግሞ ዳኛ እንድሆንለት ነው የሚፈልገው። ምን ምን ኮርስ ልያዝ? ስመረቅስ ማን ይቀጥረኛል? ወይስ እንደተመረቅኩ ለማስተርስ ወደ ውጭ ልሞክር?»

እህቴ፣ ጓደኞችሽ ሙሉ በሙሉ አልተሳሳቱም። ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ «የአካባቢ ሕግ ባለሙያ እንፈልጋለን» የሚል ወረቀት የምትጠብቂ ከሆነ ብዙ ትጠብቂያለሽ። እኔ በዚህ ሙያ 17 ዓመት ቆይቻለሁ፤ በአንዱም የቅጥር ደብዳቤዬ ላይ «የአካባቢ ሕግ» የሚል ቃል የለም። መጀመሪያ «የሕግ ኤክስፐርት» ነበርኩ፤ ቀጥሎ በአንድ ፕሮጀክት ውስጥ «የሶሻል ሴፍጋርድ ስፔሻሊስት»፣ ማለትም ፕሮጀክት ሰዎችን እንዳይጎዳ የሚከታተል ባለሙያ፣ ተባልኩ፤ ዛሬ ፈቃዴ ላይ የተጻፈው «ጠበቃና የሕግ አማካሪ» ነው። ልጆቼን ያሳደግኩት ግን በዚሁ ሕግ ነው። እኛ አገር የአካባቢ ሕግ የራሱ በር የለውም፤ በመሬት በር፣ በብድር ውል በር፣ በማዕድን ፈቃድ በር፣ ሰሞኑን ደግሞ በቡና በር ነው የሚገባው። ስለዚህ ታፔላ መፈለጉን ተዪና በሮቹን አብረን እንያቸው።

«የፈረንጅ ሕግ» የሚለውን ግን አልቀበልም። የመንዝ ሰው የወል የሣር መሬቱን፣ ጓሳውን፣ በቄሮ ሥርዓት ሲጠብቅ፣ አባ ቄራ የሚባል አለቃ ሾሞ፣ ሣሩ የሚታጨድበትን ጊዜ ወስኖ፣ ሳይፈቀድ የገባውን እየቀጣ የኖረው ከ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ ነው። ሥርዓቱን ያፈረሰው የ1967ቱ የመሬት አዋጅ እንጂ ድርቅ ወይም ጦርነት አልነበረም። ቦረናም በቱላ ጉድጓዶቹ ላይ የማጠጫ ተራ የሚያስከብር አባ ሄሬጋ አለው። ይህ ሁሉ ሕግ ነው፤ ነጋሪት ጋዜጣ ላይ ስላልወጣ ሕግ መሆኑ አይቀርም።

ዘመናዊውንም ቢሆን ሌሎች ጽፈው አልሰጡንም። ረጅም ዘመን የአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣንን የመሩት ዶ/ር ተወልደብርሃን ገብረእግዚአብሔር የዕፅዋት ሳይንቲስት ነበሩ። ስለ ደኅንነተ ሕይወት፣ ማለትም ዘረመላቸው ስለተለወጠ ሕያዋን ጥንቃቄ፣ በተካሄደው ዓለም አቀፍ ድርድር የአፍሪካን ቡድን መርተው የካርታኼና ፕሮቶኮል እንዲወለድ ታግለዋል፤ በ2000 እ.ኤ.አ. «ራይት ላይቭሊሁድ» የተባለውን ሽልማት ያገኙትም በዚያ ዘመን ሥራቸው ነው። ዛሬም የምንጠቀምባቸው የ1995 ዓ.ም. ሦስት አዋጆች፣ ማለትም የአካባቢ ጥበቃ አካላት ማቋቋሚያው ቁጥር 295፣ የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማው ቁጥር 299 እና የብክለት ቁጥጥሩ ቁጥር 300፣ የወጡት እሳቸው በወንበሩ ላይ ሳሉ ነው። አንድ የዕፅዋት ሊቅ ሕግ ለመማር ካልሰነፈ እኛ የሕግ ሰዎች ጥቂት ኬሚስትሪ ለመማር የምንሰንፍበት ምክንያት አይታየኝም። ወደዚህ ነገር እመለሳለሁ።

አሁን ወደ ኮርሱ። በዲግሪ ደረጃ የአካባቢ ሕግ የምትማሪው አንድ ሴሚስተር ነው፤ እሱን ጨርሰሻል። ቀጥሎ የምመክርሽ ኮርሶች ስማቸው አረንጓዴ አይደለም። አንደኛው የመሬት ሕግ ነው። ግድብ ይገደብ፣ መንገድ ይቀደድ፣ ኢንዱስትሪ ፓርክ ይከለል፣ መጀመሪያ የሚነሣው ጥያቄ የዓሣው ወይም የደኑ ጉዳይ አይደለም፤ «ማን ይነሣል? ምን ይከፈለዋል?» የሚለው ነው። የሰሜን ተራሮችን ብሔራዊ ፓርክ ብትወስጂ፣ ከ1989 ዓ.ም. ጀምሮ በዩኔስኮ አደጋ ላይ ያሉ ቅርሶች መዝገብ ላይ ቆይቶ የወጣው በ2009 ነው። ለዋልያና ለቀይ ቀበሮ የተባለው ሥራ ከፊሉ ወረቀት ላይ ሲወርድ የግጭ መንደር ነዋሪዎችን ወደ ደባርቅ የማዛወር፣ የመተመን፣ የመካስ ሥራ ሆነ። የዋልያው ፋይል የካሳ ፋይል ሆነ ማለት ነው።

ስለዚህ የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 40፣ ስለ ንብረትና ስለ መሬት የሚናገረውን፣ እና አንቀጽ 44ን አንድ ላይ አንብቢያቸው። አንቀጽ 44 ንዑስ 1 ንጹሕና ጤናማ አካባቢ የማግኘት መብትን ይሰጣል፤ ተማሪ ሁሉ የሚጠቅሰው እሱን ነው። እንጀራው ያለው ግን ንዑስ 2 ላይ ነው፤ መንግሥት በሚያካሂዳቸው ፕሮግራሞች ለተፈናቀሉ ሰዎች ተመጣጣኝ ካሳ፣ መልሶ ማስፈርን ጨምሮ፣ እንዲሰጥ ያዛል። ከዚያ የካሳ አዋጁን ቁጥር 1161/2011 ከነማሻሻያው፣ የገጠር መሬት አዋጁን ቁጥር 1324/2016 ያዢ። መምህርሽ አሁንም በአሮጌው 456/1997 የሚያስተምር ከሆነ በጨዋነት አስታውሺው። የ1161 ዋና ለውጥ አንድ ምሳሌ ልስጥሽ፦ መሬቱን በቋሚነት የሚለቅ ገበሬ የመፈናቀያ ካሳው የሚሰላው ካለፉት ሦስት ዓመታት ከፍተኛውን ዓመታዊ ገቢ በ15 አባዝቶ ነው፤ በቀድሞው ሕግ አማካዩ በ10 ነበር። ይህን ስሌት በካልኩሌተር መሥራት የሚችል ተመራቂ በየፕሮጀክቱ ይፈለጋል፤ ስለ ትውልዶች ፍትሐዊነት ብቻ መጻፍ የሚችለው ግን ቆሞ ይቀራል።

ሁለተኛው የአስተዳደር ሕግ ነው። የአካባቢ ፈቃድ መስጠትም መከልከልም የአስተዳደር ውሳኔ ነው። የፌዴራል የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183/2012 ከወጣ ወዲህ መሥሪያ ቤቶች መመሪያ በጓዳ አውጥተው በመሳቢያ መቆለፍ አይችሉም፤ መመዝገብና መታተም አለበት፤ ውሳኔያቸውም በፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ይከለሳል። በእኔ አስተያየት ከሚቀጥሉት ዓመታት ጥሩ የአካባቢ ክርክሮች ብዙዎቹ በአዋጅ 300 ከሚመጡት ይልቅ በዚህ አዋጅ ይመጣሉ።

ሦስተኛው የማስረጃ ሕግ ነው። ስለዚህኛው ያፈርኩበትን ታሪክ ልንገርሽ።

የአንድ ቀበሌ ገበሬዎች ከበላያቸው ያለ ቆዳ ፋብሪካ ወንዛችንን አበላሸብን ብለው መጡ። ከብት ሞቷል፣ ውኃው ይሸታል፣ ቀለሙም ተለውጧል። ያኔ ገና ትኩስ ነኝ፤ ሕጉ በእጄ ነው ብዬ ደረቴን ነፍቼ ገባሁ። የወንዙን ናሙና የቀዳው ከአንድ መሥሪያ ቤት የተላከ ልጅ ነበር። የቀዳው በባዶ ሃይላንድ ነው። ያመጣው በአውቶቡስ፣ ከወንበር ሥር አድርጎ። ላብራቶሪ የገባው በአምስተኛው ቀን። የተከሳሹ ጠበቃ ተነሥቶ ሦስት ነገር ብቻ ጠየቀ፦ ናሙናው መቼ ተቀዳ? እስኪመረመር በምን ቅዝቃዜ ቆየ? በመንገድስ በማን እጅ ነበር? የውኃ ውስጥ ተሕዋስያን የሚፈጁትን ኦክስጅን የሚለካው፣ እነሱ ቢኦዲ የሚሉት ምርመራ፣ ናሙናው በ4 ዲግሪ ገደማ ቀዝቅዞ ቢበዛ በ48 ሰዓት ውስጥ ካልተጀመረ ውጤቱ አይታመንም። ይህን የሰማሁት ችሎት ላይ፣ ከባላጋራዬ አፍ ነው።

እሱ አልበቃ ብሎ ወረቀቱ ላይ የተጻፈው «ጠቅላላ ክሮሚየም» ነበር። እኔ በክሱ ላይ ካንሰር አምጪ መርዝ ብዬ ጽፌያለሁ። ለካ ቆዳ ማልፊያው ባለሦስቱ ክሮሚየም ነው፤ እጅግ አደገኛው ደግሞ ባለስድስቱ፤ ጠቅላላው ቁጥር የትኛው ስንት እንደሆነ አይናገርም። ወረቀቱ ዋጋ አጣ፤ መዝገቡም ተዘጋ። ከችሎት ስንወጣ አንድ ሽማግሌ «ሕጉ የእናንተ ነው ብለኸን አልነበር?» አሉኝ። የምመልሰው አልነበረኝም።

ከዚያ ወዲህ ለተለማማጅ ሁሉ የምሰጠው የመጀመሪያ የቤት ሥራ አንድ የላብራቶሪ ሪፖርት ነው። ለአንቺም እሱን እሰጥሻለሁ። በዩኒቨርሲቲሽ የአካባቢ ሳይንስ ወይም የኬሚስትሪ ክፍል ካለ መምህሩን አስፈቅደሽ አንድ ሴሚስተር ከኋላ ወንበር ተቀመጪ። ፈተና አትፈተኚ፤ ቢኦዲ ምን እንደሆነ፣ ሲኦዲ ከሱ በምን እንደሚለይ፣ ፒኤች 3 ሲሆን ምን ማለት እንደሆነ ይግባሽ። ካርታ ማንበብ ተማሪ፤ ኪውጂአይኤስ የሚባለው ሶፍትዌር በነፃ ይጫናል። ሕጉን በተመለከተ ደግሞ ኢንፎርሚያ እና ዩኤን ሲሲ ለርን የሚባሉት የተባበሩት መንግሥታት የኢንተርኔት ትምህርቶች በነፃ የሚሰጡ፣ ሲያልቁም ወረቀት ያላቸው ናቸው። የየአገሩን አዋጅ ለማወዳደር ፋኦሌክስ እና ኢኮሌክስ አሉልሽ። ሙት ኮርት የሚሉት የተማሪዎች የልምምድ ችሎት ውድድር ካለ ግቢ፤ ስለሱ ብዙ አልልም።

ኮርሱን ሳልዘጋው አንድ አንቀጽ በልብሽ እንድትይዢ እፈልጋለሁ። የአዋጅ 300/1995 አንቀጽ 11 ማንኛውም ሰው፣ በግሉ ተጎዳሁ ማለት ሳያስፈልገው፣ በአካባቢ ላይ ጉዳት ያደረሰ ወይም ሊያደርስ የሚችልን ሰው ለባለሥልጣኑ ወይም ለክልሉ የአካባቢ መሥሪያ ቤት መክሰስ ይችላል ይላል። መሥሪያ ቤቱ በ30 ቀን ካልወሰነ፣ ወይም ውሳኔው ካላረካው፣ በ60 ቀን ውስጥ ፍርድ ቤት ይሄዳል። በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓታችን «ምን አገባህ?» ተብሎ ለሚባረር ሕዝብ ይህ ትልቅ በር ነው። አክሽን ፕሮፌሽናልስ አሶሲዬሽን ፎር ዘ ፒፕል የተባለው ድርጅት በ1990ዎቹ መጨረሻ በአቃቂና በሞጆ ወንዞች ብክለት ምክንያት የአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣኑን ራሱን ከሶ ነበር፤ አልተሳካለትም። ያን መዝገብ ፈልገሽ አንብቢው። ክሱ መቅረብ ያለበት በበካዩ ላይ ነው ወይስ ዝም ብሎ ባየው ተቆጣጣሪ ላይ? ለመመረቂያ ጽሑፍሽ ከዚህ የተሻለ ጥያቄ አላውቅም። ምናልባት አንድ ይኖር ይሆናል፤ የተፅዕኖ ግምገማ ሰነዶችን የመመርመር ሥልጣን ለሴክተር መሥሪያ ቤቶች በውክልና መሰጠቱ። ማዕድን እንዲስፋፋ የተቋቋመ መሥሪያ ቤት የማዕድን ፕሮጀክትን የአካባቢ ሰነድ ሲያጸድቅ፣ ራሱ ከሳሽ ራሱ ዳኛ እንደሚባለው ነው። የለገ ደምቢ ወርቅ ማውጫ ፈቃድ በ2010 ዓ.ም. ታድሶ ብዙም ሳይቆይ በግንቦት ወር በሕዝብ ተቃውሞ ሲታገድ፣ ጥያቄው ከወረቀት ወጥቶ መንገድ ላይ ታየ።

ማን ይቀጥረኛል ላልሽው ደግሞ።

የመጀመሪያው ቀጣሪ መንግሥት ነው። የፌዴራሉ የአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣን፣ የአዲስ አበባው፣ የክልል ቢሮዎች፣ የዱር እንስሳት ጥበቃ፣ የብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩት፣ የውኃና ኢነርጂ ሚኒስቴር፣ ሁሉም የሕግ ክፍል አላቸው። ደመወዙን አንቺም ታውቂዋለሽ፤ ከወር ወር አያደርስም። ነገር ግን ከኢንስፔክተሮች ጋር ፋብሪካ የምትገቢበት፣ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ የምትጽፊበት፣ መመሪያ ሲረቀቅ ጠረጴዛው ዙሪያ የምትቀመጪበት ቦታ ሌላ የለም። ሁለት ወይም ሦስት ዓመት ሥሪበት፤ ከዚያ በኋላ ያለሽን ሁሉ የምትሸጪው ከዚያ ባገኘሽው ዕውቀት ነው። ሥራውም እየበዛ ነው። በ2017 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ያጸደቀው የደረቅ ቆሻሻ አዋጅ ፌስታል የሚከለክል ነው፤ ይህን በየሱቁና በየፋብሪካው ማስፈጸም ስንት ክርክር እንደሚያመጣ አስቢው። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ቆሼ ተንዶ ከመቶ በላይ ሰው ሲቀበር፣ ቆሻሻ የሕግ ጉዳይ መሆኑን ከተማው በመራራ መንገድ ተማረ።

ዐቃቤ ሕግነትም አለ። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 519 ስለ ብክለት፣ 520 ስለ አደገኛ ቆሻሻ፣ 521 ደግሞ ያለ ተፅዕኖ ግምገማ ስለሚሠራ ፕሮጀክት ይደነግጋል። እነዚህን አንቀጾች በፈተና ካልሆነ ገልጦ ያያቸው ዐቃቤ ሕግ ብዙ አላጋጠመኝም። አንድ የደፈረ ቢገኝ ስሙ ወዲያው ይታወቃል።

ሁለተኛው በር፣ ለእኔ ሁሉንም የከፈተልኝ፣ የፕሮጀክት ሴፍጋርድ ነው። ጓደኞችሽ ይህን ሥራ ስለማያውቁት ነው እንጀራ የለውም የሚሉሽ። የዓለም ባንክ ከጥቅምት 2018 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሥራ ላይ ያዋለው የአካባቢና ማኅበራዊ ማዕቀፍ 10 ስታንዳርዶች አሉት። ባንኩ ለመንገድ፣ ለውኃ፣ ለግብርና ሲያበድር እነዚህን የማክበር ግዴታ በዝርዝር ተጽፎ የብድር ስምምነቱ አካል ይሆናል። ማለትም ውል ነው፤ የውል ሕግ የተማረ ሰው ይፈልጋል። ፕሮጀክቱን የሚያስፈጽመው ክፍል አንድ የአካባቢ፣ አንድ የማኅበራዊ ሴፍጋርድ ባለሙያ መቅጠር አለበት። የአካባቢው ወንበር የመሐንዲሶችና የሳይንቲስቶች ነው፤ አትጋፊያቸው። የማኅበራዊው ግን የመሬት ማስለቀቅን፣ የካሳን፣ የሕዝብ ምክክርንና የቅሬታ አፈታትን ያጠቃልላል። ይህ የሕግ ሰው ሥራ ነው፤ ማስታወቂያዎቹም ላይ ብዙ ጊዜ «ሶሲዮሎጂ፣ ሕግ ወይም ተዛማጅ» የሚል ታያለሽ። ስለ መሬት ማስለቀቅና ስለ መልሶ ማስፈር የሚናገረውን 5ኛውን ስታንዳርድ ከአዋጅ 1161 ጋር ጎን ለጎን አስቀምጠሽ ልዩነታቸውን በሁለት ገጽ ጻፊ። ለምሳሌ ባንኩ ሕጋዊ ይዞታ የሌለውንም ተነሺ ለቤቱና ለንብረቱ፣ ለመተዳደሪያውም ድጋፍ ይስጡ ይላል፤ የእኛ ሕግ የሚነሣው ከሕጋዊ ባለይዞታው ነው። በዚህ ክፍተት መካከል ድልድይ የሚሠራውን ሰው ነው የሚከፍሉት። የአፍሪካ ልማት ባንክም የራሱ ተመሳሳይ ሥርዓት አለው፤ ለግል ኩባንያ የሚያበድረው የዓለም ባንክ ቡድን አባል አይኤፍሲ ደግሞ 8 የአፈጻጸም ስታንዳርዶች አሉት።

ክፍያው ከመንግሥት ደመወዝ ጋር አይወዳደርም። ጉዱ ውሉ በየዓመቱ የሚታደስ መሆኑ ነው፤ ፕሮጀክቱ ሲዘጋ አንቺም ዕቃሽን ትሸክሚያለሽ። መስክም አለው። ጭቃ፣ አቧራ፣ ለሦስት ሰዓት የተጠራ ስብሰባ በሰባት ሰዓት የሚጀመርበት ቀበሌ። ሴት ባለሙያ በጣም ትፈለጋለች፤ የመንደሯ ሴት የጓሮ አትክልቷ እንዳልተቆጠረ ለወንድ ባለሙያ አትነግርም። ይህን ደጋግሜ አይቻለሁ፤ የእኔ ዝርዝር ላይ ያልነበረ ጌሾ፣ የባልደረባዬ ዝርዝር ላይ ተገኝቷል።

ቡናን እንመልከት። የአውሮፓ ኅብረት በ2023 እ.ኤ.አ. ያወጣው የደን ጭፍጨፋ ደንብ ከታኅሣሥ 31 ቀን 2020 እ.ኤ.አ. በኋላ ደን ተመንጥሮ በተተከለ መሬት ላይ የበቀለ ቡና ገበያው እንዳይገባ ይከለክላል። እያንዳንዱ የቡና ማሳ የት እንዳለ በካርታ ነጥብ፣ ከ4 ሄክታር የሚበልጠው ደግሞ ዙሪያው ተለክቶ መታየት አለበት። ተግባራዊ የሚሆንበት ቀን ተደጋግሞ ቢራዘምም ላኪዎቻችን እንቅልፍ አጥተዋል፤ ምክንያቱም የካፋና የጅማ ቡና የሚለቀመው ጥላ ካለው ደን ሥር፣ ከግማሽ ሄክታር ማሳ ነው። ሁሉም ስለ ጂፒኤስ ያወራል። ጥቂት ሰው የሚያስተውለው ደንቡ ሌላም ቅድመ ሁኔታ እንዳለው ነው፦ ምርቱ በተመረተበት አገር ሕግ መሠረት መመረት አለበት። የትኛው ሕግ? የመሬት ይዞታው? የደን አዋጁ ቁጥር 1065/2010? የሠራተኛ ሕጉ? ይህን ለአንድ ላኪ ወይም ዩኒየን በአምስት ገጽ አስተካክሎ የሚጽፍ ጠበቃ ስፈልግ የማገኛቸው በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። አምስተኛ ዓመት ላይ ሆነሽ ይህን ብታጠኚ፣ ስትመረቂ ከእኔ እኩል ታውቂያለሽ፤ ሁላችንም አሁን ነው የምንማረው።

የጥብቅና ድርጅቶችን በአጭሩ፦ አዋጅ ቁጥር 1249/2013 ጠበቆች ተሰባስበው ድርጅት እንዲያቋቁሙ ፈቅዷል። ቀድሞ እያንዳንዱ በየቢሮው ብቻውን ነበር። ትልልቅ ሲሆኑ ልዩ ሙያ ያስፈልጋቸዋል፤ የውጭ ባለሀብት ፋብሪካ ሲገዛ «ከመሬቱ በታች ምን ተቀብሯል? የአካባቢ ፈቃዱስ ታድሷል?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ይሻሉ።

ስለ ሲቪል ማኅበራት አንድ ነገር ብቻ። የ2001ዱ አዋጅ 621 ከገንዘቡ ከአሥር በመቶ በላይ ከውጭ የሚያገኝ ድርጅት በመብት ጉዳይ እንዳይሠራ ስላገደ፣ የአካባቢ ሙግት ገና ሳይወለድ ታፍኖ ቆየ። አዋጅ 1113/2011 እግዱን አነሣ። መልካ ኢትዮጵያን የመሰሉ ድርጅቶች ውስጥ በክረምት ተለማመጂ፤ በዩኒቨርሲቲሽ የነፃ ሕግ ድጋፍ ማዕከል ካለም የብክለት አቤቱታ ሲመጣ ለአንቺ እንዲሰጡሽ ቀድመሽ ተናገሪ።

ዓለም አቀፉን ሁሉም ተማሪ ያልማል። እውነቱን ለመናገር አዲስ አበባ ለዚህ ከብዙ ከተማ ትሻላለች፤ የአፍሪካ ኅብረትም የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽንም እዚሁ ናቸው፣ የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ፕሮግራም ዋና መሥሪያ ቤት ደግሞ ናይሮቢ ነው። 32ኛውን የአየር ንብረት ጉባኤ በ2027 እ.ኤ.አ. እንድታስተናግድ የተመረጠችው ኢትዮጵያ ናት፤ ያኔ አንቺ የተመረቅሽ ትሆኛለሽ። የናይል ጉዳይም አለ። አገራችን በ2005 ዓ.ም. ያጸደቀችው የናይል ተፋሰስ አገሮች የትብብር ማዕቀፍ ስምምነት ደቡብ ሱዳን ከገባች በኋላ ጥቅምት 3 ቀን 2017 ዓ.ም. ጸንቷል፤ የድንበር ተሻጋሪ ውኃ ሕግን በጥልቀት የሚያውቅ ወጣት ገና ብዙ ሥራ ይጠብቀዋል። ዛፍ ከአየር ስቦ የሚያስቀረው ካርቦን በሚሸጥበት በካርቦን ገበያም እንዲሁ። ወላይታ ውስጥ ሁምቦ ላይ 2,728 ሄክታር ተራራ አገግሞ ካርቦኑ ሲሸጥ፣ ካርቦኑ የማን ነው፣ የመንግሥት ነው ወይስ ደኑን የሚጠብቀው የገበሬዎች ማኅበር የሚለውን መልስ የሚጠብቁት ከሕግ ሰው ነው። ስለ ካርቦን ከዚህ በላይ አልገፋም፤ በሬዲዮ እንደሚወራው ገንዘብ እንደ ውኃ የሚፈስበት መንደር አይደለም።

ማስተርሱ። አትቸኩይ። ያለ ሥራ ልምድ የሄደ ልጅ የሚያጠናው የሌላ አገር ችግር ነው፤ ሲመለስ የአውሮፓን የጋዝ ልቀት ፈቃድ ንግድ ያውቃል፣ የራሱን ወረዳ የመሬት ጽሕፈት ቤት አያውቅም። በዚያ ላይ ብዙዎቹ ስኮላርሺፖች ልምድ ይጠይቃሉ፤ የብሪታንያ መንግሥት ስኮላርሺፕ የሆነው ቼቭኒንግ 2,800 ሰዓት የሥራ ልምድ ይላል፤ የሁለት ዓመት ሥራ ማለት ነው። ልምዱን ይዘሽ ስትወጪ ዘርፍ መርጠሽ ሂጂ። ለአየር ንብረት ሕግ ኤደንበራና ስትራትክላይድ፣ ለጠቅላላው የስቶክሆልም ዩኒቨርሲቲ፣ ፖሊሲና ሕግ ለመቀላቀል ዮኤንሱ ያለው የምሥራቅ ፊንላንድ ዩኒቨርሲቲ፣ ለማዕድንና ለኢነርጂ ደንዲ፣ አሜሪካ ካሰብሽ ፔስና ቨርሞንት። እኔ ግን ናይሮቢ ዩኒቨርሲቲ ያለውን የአካባቢ ሕግና ፖሊሲ ማዕከልና ኬፕታውንን አትለፊያቸው እላለሁ። ኬንያና ደቡብ አፍሪካ እኛ ገና የምንከራከርበትን ነገር ፍርድ ቤት ወስደው ያረጋገጡ አገሮች ናቸው፤ ፍርዶቻቸውም ለእኛ ዳኛ ከስዊድን ፍርድ ይልቅ ይቀርቡታል። አገር ውስጥ ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የመሬት አስተዳደር ኢንስቲትዩት አለው፤ ወንዶ ገነትም ስለ ደን የምትጠይቂውን ሁሉ የሚመልስልሽ ታገኛለሽ።

ስለ አባትሽ። ከእሳቸው ጋር አትጣዪ፤ ምክራቸው ከምኞትሽ ጋር አይጋጭም። የወረዳ ዳኛ ጠረጴዛ ላይ የሚደርሰው የግጦሽ ክርክር፣ የመስኖ ቦይ ክርክር፣ የካሳ ግምት ክርክር፣ የወል ደን ክርክር፣ የአካባቢ ሕግ ነው፤ መዝገቡ ሽፋን ላይ «ሁከት ይወገድልኝ» ተብሎ ስለተጻፈ ማንም አያውቀውም እንጂ። የእኔን የሃይላንድ ናሙና የጣለው ዳኛ ትክክል ነበር፤ ቂም አልያዝኩበትም። የሚቆጨኝ ሌላ ነው። ሕጉ ፍርድ ቤቱ በራሱ ተነሣሽነት ገለልተኛ ባለሙያ ልኮ እንደገና እንዲያስቀዳ የሚያስችለው ሆኖ ሳለ፣ እኔም አልጠየቅኩ፣ እሱም አላዘዘ። አንቺ ያንን ወንበር ብትይዢ ታዢ ነበር ብዬ አስባለሁ።

ለማንኛውም ከመጪው ሴሚስተር በፊት አንድ ነገር አድርጊ። ዩኒቨርሲቲሽ አጠገብ ወንዝ አይጠፋም። ከላይኛው ድልድይ እስከ ታችኛው በእግርሽ ሂጂው፤ ቱቦ የሚገባበትን ሁሉ በስልክሽ አንሺ፣ ቦታውንም ያዢ። ከዚያ ከየቱቦው ኋላ ያለው ማን እንደሆነ፣ የአካባቢ ፈቃድ እንዳለው ለከተማው ጽሕፈት ቤት በደብዳቤ ጠይቂ። መልሱ ይምጣም ይቅርም የመመረቂያ ጽሑፍሽ የመጀመሪያው ምዕራፍ እሱ ነው። ደብዳቤው ላይ ቀንና የመዝገብ ቁጥር ማስመታቱን አትርሺ፤ በኋላ በአንቀጽ 11 አቤቱታ ስታቀርቢም እንዲሁ አድርጊ፤ 30 ቀኑ የሚቆጠረው አቤቱታው ከቀረበበት ቀን ነው።